ግማሽ መርዶ

ጠጉሬ እስኪሸብት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ከማስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ በደረስኩበት ቁጥር የምዘለው አንድ ገጽ ነበረ። ገጹ ተቀራራቢ ቃላትን እያነጻጸረ ያስረዳል፤ እዚያ የተደረደሩት ስለ ሞተ ሰው የሚነገሩት ነበሩ፤ ዴድ፣ ሌት፣ ዲሲስድ፣ ዲፓርትድ። ተማሪ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ሌላ ጊዜ ሲያንቀላፋ የሚውለው ልጅ ሳይቀር ያን ቀን ነቅቶ፣ ቲቸር ገጽ ዘለልን እኮ ይለኛል። እኔም እየተቆጣሁ እመለሳለሁ። ቁጣዬ በልጁ እንዳልነበረ ዛሬ ልናዘዝ።

ዴድ ደረቅ ነው እላቸዋለሁ፤ ሰውም፣ ውሻም፣ ዛፍም ይባልበታል። ሌት ለሚያውቁትና ለሚያከብሩት ሰው ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ባሌ ስትል ከፊቱ ታስቀድመዋለች። ይኸው ቃል አርፍዷል ማለትም ስለሆነ ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ የሳቅሁ እመስላለሁ። ዲሲስድ የዳኛና የወረቀት ነው፤ ከእኛው «ሟች» ጋር ይገጥማል። ዲፓርትድ ለቄስ አፍ ይመቻል። ከዚያ ወደ አገራችን እመጣለሁ። እኛስ መቼ አነስን? ሞተ አለ፣ አረፈ አለ፣ አለፈ አለ፣ ተለየን አለ። ክርስቲያኑ የሞተ ሰው ሲያነሳ «ነፍሱን ይማረውና» ሳይል ወሬውን አይቀጥልም። የይፋት ቆላ ሙስሊም ደግሞ ከሟቹ ስም በፊት «መርሁም» ይላል፤ አላህ ያዘነለት እንደ ማለት ነው። ረስቶ የዘለለ እንደሆነ ሽማግሌ መሀል ወሬ ላይ ያስቆመዋል።

እነዚህ ሁሉ ቃላት ይለያዩ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሰውየው የለም ይላሉ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ ሸዋ ሮቢት ላይ ለአንዲት ሴት የነገርኳት ቃል ከነዚህ ውስጥ የለበትም። ያን ገጽ ሲያዘልለኝ የኖረው እሱ ነው።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ግድም ይሆናል። ከደጋ ወርጄ ሸዋ ሮቢት፣ የመንገድ ሥራው ቢሮ ውስጥ፣ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጣሊያንኛውን ከወዲያ ከወዲህ ለቃቅሜ ነበር። ሰዉ ከፊቴ ጸሐፊው ይለኛል፣ ዞር ስል ባንዳ ይለኛል። እንጀራዬ ነው እል ነበር። እውነትም እንጀራ ነበር፣ የሚያኮራ እንጀራ ግን አልነበረም። እሱም ራሱን የቻለ እፍረት ነው፤ የዛሬው ግን ሌላ ነው።

ያደርኩት ከአንድ ባልና ሚስት ግቢ ውስጥ ነው፤ አንዲት ጎጆ ሰጡኝ። እሱ ጥጥና በርበሬ በግመል እያመላለሰ ሲነግድ የኖረ የይፋት ሰው ነበር። በጦርነቱ ሰሞን ግመሎቹ ተነድተው ሲወሰዱበት እጁን አጣጥፎ ቁጭ አለ። እሷ ሠላሳ ዓመት ብትሞላ ነው። ሁለት ልጆች ወልደው ሁለቱንም ወባ ወስዶባቸዋል። በፊቷ እትዬና አንቱ ነበር የምላት፣ እሱንም ጋሼ። እዚህ እሷና እሱ እያልኩ ስጽፍ ይቅር ይበሉኝ፤ አንቱ እያልኩ ይህንን መናገር አልቻልኩበትም።

እኔ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም። የአንዱን እርድ ሌላው አይበላም። ለእኔ የብቻ ድስት ለየችልኝ፣ እንዳይቀላቀልም ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። በዓሌ ሲደርስ ታዲያ ከእኔ በፊት የምታስታውሰው እሷ ናት፤ ከጎረቤት ክርስቲያን ዘንድ ዶሮ አሳርዳ በኔው ድስት ታሠራልኛለች። ሽታው ሲያውዳት፣ ወላሂ ይሄ ሃይማኖታችሁ በዶሮ በኩል ሊያስተኝ ነው እያለች ትስቃለች።

በገባሁ በሁለተኛው ወር ወባ ጣለኝ። ወባ ያልያዘው ሰው አይገባውም፤ በዚያ ሐሩር ውስጥ በሦስት ነጠላ ተጠቅልዬ ጥርሴ ይፋጫል። ጋሼ ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልተለየም። እሷ አብሽ በማር በጥብጣ፣ ጭንቅላቴን ቀና አድርጋ በቀን ሦስቴ አጠጣችኝ። እናቴ ብትኖር ከዚያ የበለጠ ምን ታደርግልኝ ነበር? ሳገግም እሱ ቀለደብኝ። ደገኛ ቆላ ሲወርድ እንደ ቅቤ ነው፣ መልሶ ለማርጋት መከራ ነው አለ።

እኔ ደግሞ ውለታ ልመልስ አልኩና ጣርማ በር የሚቆፈረውን ዋሻ አነሳሁ። ተራራው እየተፈለፈለ መንገድ ሊያልፍበት ነው፣ ሰው ይፈለጋል፣ ከሚቀመጡ ለምን አይገቡም አልኩት። እሷ አልወደደችውም። ቆለኛ የጣርማ በርን ብርድ አይችለውም፣ ድንጋይስ ቢወርድበት አለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እኔ አለሁ አይደል?» አልኩ። አፌን በቆረጠው! ማን ነኝ ብዬ ነው? በወረቀት ላይ ስም ከመጻፍ ሌላ ምንም ሥልጣን አልነበረኝም። ስሙን በገዛ እጄ ጻፍኩና በሳምንቱ በካሚዮን ተጭኖ ወጣ።

ሦስት ወር ሆነ። ከላይ የሚወርደው ካሚዮን ከሲሚንቶው ከረጢት ጋር የሠራተኛ ዝርዝር ያመጣል፤ ስንት ቀረ፣ ስንት ታመመ፣ ስንት ሞተ። ያንን መገልበጥ የእኔ ሥራ ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ስገለብጥ ከጋሼ ስም ትይዩ «ሞርቶ»፣ ሞቷል የሚል አገኘሁ። ድንጋይ ተንዶ ሦስት ሰው ገድሏል። መጀመሪያ ሌላ ሰው ይሆናል አልኩ። ቁጥሩን አየሁት፣ የሱው ነው። የአባቱን ስም አየሁት፣ የሱው ነው። አለቃዬ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ለቤተሰቦቹ ንገር፣ ተሰብስበው ቢሮው በር ላይ ጩኸት እንዳያሰሙ አለኝና ሥራውን ቀጠለ። ለሱ ሞርቶ ከሞላ ጎደል እንደ ሲሚንቶው ቁጥር ነበር።

እዚህ ላይ የቆላውን ልማድ ልንገራችሁ፣ አለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። እዚያ አገር ሩቅ የሞተ ሰው ወሬ በአንድ ጊዜ አይነገርም። መጀመሪያ አንድ የቅርብ ሰው፣ «እንዲያው ትንሽ ታሟል፣ ጸንቶበታል» ይላል። ያን ጊዜ ሰሚው ልቡ ይጠረጥራል። ያው ሰው ከዚያ ሳይቀመጥ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ሽማግሌ ይሄዳል። ሽማግሌው ወንድም ካለ ወንድም፣ እህት ካለች እህት ይጠራሉ፣ በማግስቱ ማለዳ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተሰብስበው ይገባሉ፣ ሰሚውን የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኙ ከተቀመጠ በኋላ እውነቱ ይነገረዋል። ታሟል የተባለው መዋሸት አይደለም፤ የመርዶው ግማሽ ነው። ግማሹን የተናገረ ሰው ሌላውን ግማሽ ይዞ መምጣት አለበት። ይህንን በዚያች ቆይታዬ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። አላወቅሁም ብዬ የማመካኝበት የለኝም።

የሷ ሰፈር ሽማግሌ አጎቷ ነበሩ፤ ሰዉ ሼኹ ይላቸዋል። እኔ ዘመድ አይደለሁምና በቀጥታ እሳቸው ዘንድ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን እግሬ ወደ ቤት ወሰደኝ። ምን አስቤ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት ከእኔ ትስማው ብዬ ይሆናል፣ ምናልባትም ውለታ የሠራሁ መስሎኝ ይሆናል።

ከደጅ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ገና ሳታየኝ በድምፄ ለይታኝ ዛሬ ምነው በጊዜ አለችኝ። ተቀመጥኩ። ከጣርማ በር ወረቀት መጥቷል አልኩ። እጇን ከበርበሬው አነሳች። እትዬ፣ ጋሼ ታሞ ኖሯል፣ ጸንቶበታል አልኩ። ቀና ብላ ዓይኔን አየችውና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጸንቶበታል ያለው ወረቀቱ ነው ወይስ አንተ ነህ?»

ጥያቄው ወዲያው ገባኝ። እኔ ደገኛ ነኝ፣ ክርስቲያን ነኝ፣ የቢሮ ሰው ነኝ። ከእኔ አፍ የወጣው ታሟል ልማዱን የተከተለ ይሁን ወይም እንዲሁ ከወረቀት የተነበበ ወሬ፣ እሷ መለየት አልቻለችም። ወረቀት ልማድ አያውቅም፤ ወረቀት ታሟል ካለ ታሟል ነው። እኔ ነኝ ያልኩት ብላት ያን ጊዜውኑ ታውቅ ነበር። ነጠላዋን ትከናነብና አጎቴን ጥራልኝ ትለኝ ነበር። ያቺ አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቅብኝ። እኔ ግን ዓይኗን ሳየው ሐሞቴ ፈሰሰ። ስሙን የጻፍኩት እኔ፣ እኔ አለሁ ያልኩት እኔ።

«ወረቀቱ ነው» አልኳት።

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲፈታ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። አልሐምዱሊላህ አለች። ቀጥላ ምኑን ነው የታመመው፣ ከታመመ ስንት ቀን ሆነው፣ የሚያስታምመው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ይህን አይልም እያልኩ መለስኩላት። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ወረቀት ጥሩ መሸሸጊያ ነው።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ሼኹ ሄድኩ። እውነቴን ነው፣ ሄድኩ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ ግማሹ ከተነገረ ሌላው ማደር የለበትም። መስጊዱ አጠገብ ስደርስ ሼኹ ከአምስት ስድስት ሰዎች ጋር ዋርካው ሥር ተቀምጠው አየሁ። ከሰዎቹ የሁለቱን ወንድሞች ለዋሻው የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ስጠጋ ምን እንደሚሉኝ በሆዴ ሰማሁት፤ ይሄ ነው የወሰደው፣ ይሄ ነው የጻፈው። መንገድ የሳተ ሰው መስዬ በአጥሩ በኩል ዞርኩ። ነገ ማለዳ እመጣለሁ አልኩ። የነገ ሰው መሆን እንዴት ቀላል ነው!

በማግስቱ እኔ ከእንቅልፌ ስነሳ ቤቱ ዝም ብሏል። እሷ ለሶላት ተነስታ፣ ከጎረቤት አህያ ተውሳ፣ ጎህ ሲቀድ ሄዳለች። ይህንን የነገረችኝ አህያዋን ያዋሰቻት ጎረቤቷ ናት። የጫነችውንም ነገረችኝ፤ አንድ ቅል ማር፣ ቅቤ፣ የተፈጨ አብሽ፣ የማሽላ ቂጣ፣ የታጠበ ሽርጡንና አንድ አዲስ ጋቢ። ጋቢው ለአንተ ልትሰጥህ ያሰበችው ነው፣ ገና ዳሩ አልተቋጨም አለችኝ። ለታመመ ሰው ብርድ አይሆንም ብላ ወሰደችው።

ያን ጊዜ ሮጬ ቢሆን እደርስባት ነበር። አህያ ስንት ይሮጣል? ወይ ሼኹ ዘንድ ሄጄ ቢሆን ፈረሰኛ ይልኩባት ነበር። እኔ ቆሜ ሳስብ የካሚዮኑ ጡሩምባ ተነፋ። አለቃዬ ወደ ጣርማ በር ወጥቼ ዝርዝሩን እንዳስተካክል አዝዞ ኖሯል። ታዝዤ ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይደለም። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከሼኹ ፊት ያመለጥኩ መስሎኝ፣ ካሚዮኑ ላይ ዘልዬ ነው የወጣሁት።

ከሹፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ሹፌሩ ጣሊያን ነው፣ ግን ጨዋ ሰው ነበር፤ መንገድ ላይ ሽማግሌ ካየ ያሳፍራል፣ ያረገዘች ካየ ያሳፍራል፣ እንቁላል ከሰጡት ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ ያሳፍራል። ይህን የምለው ማመካኛ እንዳይኖረኝ ነው። አርማንያ ሳንደርስ አቀበቱ ሲጀምር ከፊታችን አንዲት ሴት አህያ ስትነዳ አየሁ። ከኋላዋ ነው ያወቅኳት። ጋቢው ከጭነቱ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሹፌሩ ጡሩምባ ሲነፋ አህያዋ በረገገች፤ እሷ የአህያዋን ጆሮ ይዛ ወደ ዳር ሳበቻትና እኛ እስክናልፍ ወደ መንገዱ ዞር ብላ ቆመች።

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ቁም። በጣሊያንኛም በአማርኛም አውቀዋለሁ። ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩና ወደ ጉልበቴ አጎነበስኩ፣ የወደቀብኝ ነገር ያለ መስዬ። አለፍናት። አቧራው ሲሸፍናት በጎን መስታወቱ አየሁ። ሹፌሩ ምን ጠፋህ አለኝ። ምንም አልኩት። ለብዙ ጊዜ አጎንብሼ ቆየሁ። አሁንም ሳስበው ሰውነቴ ይግላል፤ ሽማግሌ ሆኜ፣ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ማንም ሳያየኝ ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

ጣርማ በር ስደርስ ሥራዬን ቶሎ ጨረስኩ። ነገ ከቀትር በኋላ እንደምትደርስ በልቤ አስልቼዋለሁ። በር ላይ ቆሜ ልጠብቃት እችል ነበር። ቢያንስ ከሚያውቃት ሰው ትሰማው ነበር። ደብረ ሲና የሚጻፍ ነገር አለኝ ብዬ ያንኑ ቀን ወረድኩና ከአንድ ጠጅ ቤት ጓዳ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። የሚጻፍም አልነበረኝም፣ ጠጁም አልወርድልኝ አለ።

የሆነውን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ወደ ቆላ ስመለስ፣ ካሚዮኑ ላይ ከአንድ የዋሻው ሠራተኞች ሠፈር ዘበኛ ነው። ዘበኛው ከሰሜን፣ ከቀይ ባሕር በኩል የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ደግ ሰው ነው። ወሬውን የጀመረው እኔ ሳልጠይቀው ነው፤ ልቡን ከብዶት ኖሯል። አንዲት ሴት አህያ እየነዳች መጣች አለኝ። የባሏን ስም ጠራች። ሰውየውን እሱም ያውቀዋል፣ አብረው ሰግደዋል፣ ከቀበሩትም አንዱ እሱ ነው። ጭነቱን ሲያይ፣ ማሩን ቂጣውን ሲያይ፣ ለሟች ሰደቃ ልታወጣ የመጣች መሰለው። ያገሩ ልማድ ነው፣ የኛም አገር ልማድ ነው፤ የሞተ ሰው ካለ በስሙ ምግብ ይወጣል። እሱም ደረቱን ይዞ አጽናናት።

«መርሁም መልካም ሰው ነበር። አላህ ሰደቃሽን ይቀበልሽ አልኳት» አለኝ።

መርሁም። በአክብሮት ነው ያላት። ከቃሉ ጥፋት የለበትም፣ ከዘበኛውም ጥፋት የለበትም። እሷ መልሳ፣ ማን አለች። ስሙን ከነአባቱ መልሶ ነገራት፣ ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው አላት። ያን ጊዜ ከአህያዋ ሥር ቁጭ አለች። ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሌላው ዘበኛ መጥቶ እዚህ መጮኽ ክልክል ነው አላት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ከዚያ ተነስታ፣ ሰደቃ ካላችሁትማ ሰደቃ ይሁንለት ብላ ምግቡን ሁሉ ለታመሙት ሠራተኞች ድንኳን አስገባች። አብሹን በውሃ በጥብጣ ራሷ አጠጣቻቸው። ጋቢውን አንድ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ልጅ አለበሰችው። መቃብሩን አሳየኋት፣ ጥቂት ቆመችና ባዶ አህያዋን ይዛ ወረደች አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ የናንተ አካባቢ ሰው ሳትሆን አትቀርም፣ ታውቃታለህ ወይ አለኝ። ግቢዋ ውስጥ እንደምኖር አልነገርኩትም።

ሸዋ ሮቢት ስደርስ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ሼኹ ነገሩን የሰሙት እሷ በሄደች ዕለት ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ኖሯል። ጸሐፊው ጸንቶበታል ብሏት ሄደች ሲባሉ ወዲያው ገብቷቸው፣ እንዲህ አይባልም፣ እንዴት ብቻውን ይነግራታል ብለው ወንድሟን በበቅሎ ላኩባት። ወንድሟ የደረሰባት ቁልቁል ስትመለስ ነው። አያችሁት አይደል ልማዱን? ለሚያውቀው ሰው በሰው አፍ ሁለት ቤት አልፎ እንኳ ይሠራል። ያልሠራው እኔ ጋ ብቻ ነው።

ገብቼ ከወንዶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ማንም አልተቆጣኝም። ቢሰድቡኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ጫት ያለው ጫቱን ይይዛል፣ መቁጠሪያ ያለው ሙሰበሓውን ይቆጥራል። ዱዓው ሲያልቅ ሼኹ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ልጄ እኛ ጋ መምጣት ነበረብህ አሉኝ። ይህችኑ ብቻ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ግቢው ውስጥ ከዚያ ወዲያ መኖር አልቻልኩም። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ ከባዕድ ወንድ ፊት አትቀርብም፤ ኢዳ ይሉታል። የእኔም መኖር እሷን ማስቸገር ነው አልኩና ቢሮው አጠገብ ድንኳን ለመንኩ። ይህም ምክንያት ነው እንግዲህ፤ መሸሽ እንደሆነ ልቤ ያውቀዋል። ዕቃዬን ስሸክፍ ቀይ ክር የታሰረበትን ድስት ከበራፌ ላይ አገኘሁት። ታጥቧል። ውስጡ አንድ እፍኝ አብሽ ተቋጥሮ ተቀምጧል፣ ወባ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም ብላ ይሆናል።

ሳልሰናበት መሄድ ነውር ነው። የቤቷ በር ላይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፣ አጠገቡ እህቷ ተቀምጣለች። ከውጭ ቆሜ እትዬ ልሄድ ነው አልኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈለግኩት፤ አልወጣ አለኝ። ወረቀቱ ያለው ሌላ ነበር፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት ፈለግኩ። ሁሉን ታውቀዋለች፣ ምኑን ልንገራት? በመጨረሻ መንገድ ላይ ያየኋት መሆኔን ልነግራት ጀመርኩ። ካሚዮኑ ላይ፣ እትዬ፣ አርማንያ ሳይደረስ፣ ብዬ ቃሉን ሳልጨርስ ከመጋረጃው ወዲያ ተናገረች። ድምፅዋ ደክሟል እንጂ ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያውም ለእኔ የምታስረዳኝ ይመስል ነበር።

«አይቼሃለሁ እኮ» አለችኝ። «ባርኔጣህን ስትስበው አይቼሃለሁ። ያን ጊዜ እንዴት ደስ አለኝ መሰለህ። እስከዚያ ሳላምንህ ነበር የምሄደው፣ ሆዴ ፈርቶ ነበር። ይሄ ልጅ እኔን እንዲህ አይቶ ካለፈ ባሌ ደኅና ነው አልኩ። ሞቶ ቢሆን ኖሮ መኪናውን አስቁሞ ይወርድልኝ ነበር አልኩ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ ዳገቱን መንዙማ እያልኩ ነው የወጣሁት።»